አርክቴክቸር የአርክቴክት ነው

«አርክቴክቸር ይላል እኮ! እስቲ ርእሱን አንብበው። አርክቴክቸር ነው የሚለው። ታዲያ ይሄ የማን ሥራ ሊሆን ነው?»

የእህቷ ባል ድምፅ ነው። ከስብሰባ አዳራሹ ተነሥቶ ቀጭኑን የችፑድ ግድግዳ አልፎ ይሰማል፤ ያ ሰው ድምፁን ዝቅ ሊያደርግለት የሚገባ ፍጡር ዓለም ላይ አለ ብሎ አስቦ አያውቅም። እሷ ከግድግዳው ወዲህ፣ ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ በነበረችው፣ አሁን በሯ ላይ «ሰርቨር ክፍል» የሚል ወረቀት በተለጠፈባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተንበርክካ የአሮጌውን ሰርቨር ማራገቢያ በብሩሽ ታጸዳለች። ወረቀቱን የለጠፈችው ራሷ ናት፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ግን ዛሬም እርጥብ መወልወያዋን አምጥታ እዚያው ታቆመዋለች። «ልጅቷማ ጎበዝ ናት» ሲል ቀጠለ ድምፁ፤ «ሽቦ መቀጠል፣ የተበላሸ ነገር መነካካት ትችላለች። አርክቴክቸር ግን የአርክቴክት ነው።» የሚያወራው ለወኪሉ ነበር። ወኪሉ ማለት ኮምፒውተር ከሚሸጠው ድርጅት የሚላከው፣ ሽቶው ከእሱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ቢሮ የሚገባው ሰውዬ ነው። ወኪሉም ሻጭ ለገዢ የሚስቀውን ያንን ሳቅ ሳቀ።

ድርጅቱ የሕንፃ ንድፍ ይሠራል። ባለቤቱም፣ ዋና አርክቴክቱም፣ ሲያሻው የግድግዳውን ቀለም መራጩም ይኸው የእህቷ ባል ነው። ታላቅ እህቷ የአስተዳደሩን ጠረጴዛና የድርጅቱን ማኅተም ይዛለች። እሷ ደግሞ የቢሮውን ኮምፒውተሮች በሙሉ አራት ዓመት ብቻዋን ስታክም ኖራለች፤ ያለ ውል፣ ያለ ማዕረግ፣ «ቤተሰብ አይደለሽ እንዴ» እየተባለች። በቢሮው ውስጥ ስሟ «ሽቦ» ነው። የምታድረውም እነሱው ቤት፣ ከልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ጋር በምትጋራት የኋላ ክፍል ነው፤ ማንም ሸሚዙ የተጨማደደበት ሰው ሳያንኳኳ ይገባባታል። አሥራ ሁለት አዳዲስ ኮምፒውተሮችና አንድ ሰርቨር ሊገዛ ሲታሰብ አርክቴክቱ ጠርቷት፣ «ሁለት ዓይነት ፕሮሰሰር አለ ይሉኛል። የቱን እንደምንገዛ አጥኚና አቅርቢ። ጥናቱ ሲያልቅ የሥራ ደብዳቤሽን እሰጥሻለሁ፤ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ትባያለሽ» ብሏት ነበር። ያቺን ደብዳቤ ዛሬ እንደ ውሃ ተጠምታለች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ባዶ ክፍል አግኝታለች፤ የእጅ መታጠቢያ አላት፣ መስኮቷ የጎረቤት ጣራ ላይ ይከፈታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሯ ከውስጥ ይቆለፋል። አከራይዋ ግን ቁርጡን ነግረዋታል፤ የሥራ ደብዳቤ ካላመጣሽ አላከራይም፣ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠብቄሽ ከቀረሽ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብለዋታል።

ጥናቱን እንደ ቀልድ አልሠራችውም። ወኪሉ ለሙከራ ያዋሳቸውን ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ የቢሮውን የራሱን ሥራ ስታሠራቸው ሰነበተች። ከአምራቾቹ የሚመጣውን የማስታወቂያ ቁጥር አላመነችም፤ አምራች ስለ ዕቃው ሲናገር እናት ስለ ልጇ እንደምትናገረው ነው። አንደኛው ፕሮሰሰር ዓለም ስንት ዘመን የለመደው ነው፤ እሱን በጥናቷ ውስጥ «ነባሩ» አለችው። ሌላው ከእጅ ስልክ ተነሥቶ ያደገ፣ ትንሽ መብራት እየበላ ሳይሞቅ ሳይጮኽ ብዙ የሚሠራ ነው፤ እሱን «አዲሱ» አለችው። ልዩነታቸው የፍጥነት ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝ የሚሰሙበት ቋንቋ ለየቅል ነው። ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም ለሌላው ባዳ ስለሆነ አስተርጓሚ ይፈልጋል። አስተርጓሚው ብዙውን ጊዜ ይወጣዋል፤ አንዳንዴ እየተንቀራፈፈ ያደርሰዋል፤ አንዳንዴ ደግሞ ጭራሹን እጁን ይሰጣል። እሷም ሰዓት ይዛ፣ የመብራት መለኪያ ሰክታ፣ እያንዳንዷን ነገር ለካች። የሰርቨሩ ሥራ፣ ማለትም ፋይል ማስቀመጡ፣ መጠባበቂያ መገልበጡ፣ የሕንፃ ሥዕሎችን ቀለማቸውንና ጥላቸውን ሞልቶ ማውጣቱ፣ በአዲሱ ላይ በግማሽ መብራት ያልቃል፤ የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞችም በሱው ቋንቋ ተጽፈው ይገኛሉ።

ወርክስቴሽን በሚሏቸው በሠራተኞቹ የመሥሪያ ኮምፒውተሮች ላይ ግን አንድ እንቅፋት ተገኘ። እሱም የአንጋፋው መሐንዲስ የስሌት ፕሮግራም ነው። ዓምዱ ስንት እንደሚሸከም፣ ወለሉ ስንት ብረት እንደሚፈልግ የሚያሰላው ይህ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ካልሠራ ከዚያ ቢሮ በወግ የተሰላ አንድ ሕንፃ አይወጣም። መሐንዲሱም፣ በሥራቸው ያሉት ወጣቶችም በየጠረጴዛቸው ይጠቀሙበታል። ፕሮግራሙ የሚከፈተው የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የፈቃድ ቁልፍ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ስትሰካለት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ያቺን ቁልፍ እንዲያውቃት የሚያደርገው ትንሽ ሶፍትዌር ደግሞ የተጻፈው ለነባሩ ብቻ ሲሆን፣ የጻፈው ድርጅት ከተዘጋ ስምንት ዓመቱ ነው። እዚያ ድረስ አስተርጓሚም አይወርድም። አሥራ ሰባት ጊዜ ሞከረች፤ አሥራ ሰባት ጊዜ እምቢ አላት። ስለዚህ በሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ በሁለት መስመር ደመደመች፤ ለሰርቨሩ አዲሱ፣ ለወርክስቴሽኖቹ ነባሩ። ከላይም «የሁለት ፕሮሰሰር አርክቴክቸሮች ንጽጽር» የሚል ርእስ ሰጠችው፤ የኮምፒውተር ሰዎች የፕሮሰሰርን ውስጣዊ አሠራር አርክቴክቸር ይሉታልና። ይህን ቃል በምን ቀን ጻፍኩት እያለች ዛሬ ራሷን ትረግማለች።

አርክቴክቱ ሠላሳ አንዱን ገጽ አላነበበም፤ አገላበጠው እንጂ። እሱ ጽሑፍን የሚያየው እንደ ግድግዳ ነው፤ ኅዳጉ ተስተካክሏል ወይ፣ ፊደሉ ተመጣጥኗል ወይ፣ ባዶ ቦታው ዓይን ያሳርፋል ወይ ይላል። አምና አንድ ጅምር ሕንፃ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲፈርስ የሚያዝ ማስጠንቀቂያ ደርሶት፣ «የራስጌው አጣጣል እንዴት ደስ ይላል» ብሎ አድንቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት፣ በአሥራ አንደኛው ቀን አፍራሾቹ ደርሰው ቢሮው ሲተራመስ የዋለበትን ቀን ማንም አይረሳውም። እሱ ግን ረስቶታል። እንዲህ ያለ ሰው «አርክቴክቸር» የሚል ቃል በትልቁ ተጽፎ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ደረቱ በአንድ ስንዝር ሰፋ። ሃያ ዓመት ሙሉ የኮምፒውተር ነገር በተነሣ ቁጥር ሲቅለሰለስ የኖረው ለካ በከንቱ ነው፤ ጉዳዩ ድሮም የሱ ነበር!

ሦስት ሰዓት ላይ ከማተሚያው ማሽን አጠገብ ስታልፍ ጥናቷን አገኘችው። ሠላሳ አንዱ ገጽ አንድ ሰፊ ወረቀት ሆኗል። ከላይ በሰማያዊ «አንድ ቢሮ፣ አንድ አርክቴክቸር» ይላል። መካከሉ ላይ ከወኪሉ መጽሔት የተቆረጠ የአንድ ቀጭን ኮምፒውተር ሥዕል አለ። ስለ ሰርቨሩ መብራት የለካችው ቁጥር በትልቁ ተቀምጧል፤ ስለ ወርክስቴሽኖቹ የጻፈችው አሥራ ሁለት ገጽ የት እንደገባ ፈጣሪ ይወቀው። ከታች በቀጭን ፊደል «ጥናት፦ ዋና አርክቴክቱ» ይላል። ደሟ ፈላ። ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ወደ እህቷ ጠረጴዛ ሄደች፤ እፊቷም ዘረጋችው። እህቷ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ እህቷ ግን ወረቀት ታነባለች። ከዚያ መነጽሯን አወለቀች፣ አጣጠፈችው፣ ስቴፕለሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካከለች።

«ሻይ ጠጣሽ?» አለቻት።

«አልጠጣሁም።»

«ባዶ ሆድሽን አትዋዪ።»

ይኸው ነው። ሁለቱ እህትማማቾች ከአንድ ሆድ ወጥተው፣ በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ፣ በአንድ ቢሮ እየዋሉ የሚነጋገሩት ስለ ሻይ፣ ስለ ሳሙናና ስለ ውሃ መምጣት አለመምጣት ብቻ ነው። ሰውዬው የገባበት ወሬ ሁሉ ከሁለቱ መካከል ተጠርጎ ወጥቷል። ታላቅየዋ ድሮ እንዲህ አልነበረችም፤ በአፏ የምትታወቅ፣ ሰፈሩን በነገር የምታንበረክክ ልጅ ነበረች። አሁን እንኳን ለመናገር ለማስነጠስም የባሏን ፊት የምታይ ይመስላል። ታናሽየዋ ወረቀቱን አንሥታ ወጣች። ደብዳቤዋንም ልትጠይቅ አስባ ነበር፤ ሳታነሣው ቀረች።

ስብሰባው አራት ሰዓት ላይ ነበር፤ እሷ አልተጠራችም። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ግን ተጠራች። «ሽቦን ጥሯት፤ ፕሮጀክተሩ እምቢ አለ» ተባለ። ገብታ ስታየው የኬብሉ አፍ ላልቷል። በእጅ ገፋ አድርገው ሲይዙት ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ይመጣል፤ ሲለቁት ይጠፋል። አዲስ ኬብል እንዲገዛ ከስድስት ወር በፊት በጽሑፍ ጠይቃ ነበር፤ ያም ጽሑፍ ኅዳጉ ተደንቆለት ቀርቶ ይሆናል። «በቃ እንደዚያው ይዘሽ ቁሚ» አለ አርክቴክቱ። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ በሷው ጥናት ላይ እሱ ሲናገር ብርሃኑን እንድትይዝለት አዘዛት። እሷም ከግድግዳው ጥግ ጎንበስ ብላ ኬብሉን ይዛ ቆመች። ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው የተቀመጡት የክፍል ኃላፊዎች ናቸው፤ ወኪሉ ከበሩ አጠገብ፣ እህቷ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ከጠረጴዛው ጫፍ፣ አንጋፋው መሐንዲስ ደግሞ በሹራባቸው እጅጌ መነጽራቸውን እየወለወሉ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል።

«ቀና ብላችሁ እዩ» አለ አርክቴክቱ። «ነባሩ ምንድን ነው? ወፍራም፣ የሚጮኽ፣ የሚግል። አዲሱስ? ቀጭን፣ ጸጥተኛ፣ ቀዝቃዛ። እኛ ዘመናዊ አርክቴክቸር የምንለው ይኼንን ነው። አንድ ሕንፃ ከፊቱ መስታወት፣ ከኋላው ቆርቆሮ አይሆንም፤ ወጥነት ያስፈልጋል።» ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ቁጥሩ ገባ። ፕሮሰሰሩ አሥራ ሁለት ኮር አለው አለ። ኮር ማለት በኮምፒውተር ሰዎች ዘንድ ትእዛዙን የሚፈጽመው ክፍል ነው፤ አሥራ ሁለት ካለው አሥራ ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ያስኬዳል። በሕንፃ ሰዎች ዘንድ ግን ኮር ማለት ደረጃውና ሊፍቱ የሚወጣበት የሕንፃው መካከለኛ ዘንግ ነው። አርክቴክቱም አፉን ሞልቶ፣ «ኮር ምን እንደሆነ ለእናንተ አላስተምርም። አሥራ ሁለት ኮር! አስቡት እንግዲህ፤ አሥራ ሁለት ደረጃ፣ አሥራ ሁለት ሊፍት። መጨናነቅ የሚባል ነገር የለም» አለ። ከተሰብሳቢዎቹ ሁለቱ ይህንን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ወኪሉ ጫማውን አየ። እሱ እውነቱን ያውቃል፤ ግን ደመወዝ የሚከፈለው ገዢ እንዲያስተምር አይደለም። እሷ ሳቅ መጣባት፤ ሳቁ ደግሞ ከእልህ ጋር ተቀላቅሎ እጇን አንቀጠቀጠው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል አረንጓዴ ሆነ፣ ጠፋ፣ ተመለሰ። «ቀጥ አድርገሽ ያዢ እንጂ!» አላት።

በመጨረሻ ግዢው እንዲህ እንደሚሆን ተናገረ፤ ሰርቨሩም አሥራ ሁለቱም ወርክስቴሽኖች አዲሱ ዓይነት ይሆናሉ፣ አሮጌዎቹን ኮምፒውተሮች በሙሉ ወኪሉ ተረክቦ ይወስዳቸዋል። ያኔ አንጋፋው መሐንዲስ እጃቸውን አነሡ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «የኔ ቁልፍስ?»

«የምን ቁልፍ?»

«የፕሮግራሜ። እዚያ ላይ ይሠራል ወይ ነው የምለው።»

«ኢንጂነር፣ ስለሱ አያስቡ» አለ አርክቴክቱ። «በሮቹን በሙሉ ወደ ካርድ ልንቀይራቸው ነው። ቁልፍ የሚባል ነገር ከዚህ ቢሮ ይጠፋል።»

ማንም አልሳቀም፤ የባሰው ነገር ይኼ ነበር። መሐንዲሱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ጥግ አዞሩ። «እስቲ እሷን እንጠይቃት። ልጄ፣ አንቺ አይደለሽም እንዴ የሞከርሽው?»

«እሷ አሁን ኬብል ይዛለች» አለ አርክቴክቱ፣ ኬብል የያዘ ሰው አንደበቱ የሚዘጋ ይመስል።

«አሥራ ሰባት ጊዜ ሞክሬዋለሁ» አለች ከጎነበሰችበት። «በአዲሱ ላይ የኢንጂነር ፕሮግራም አይከፈትም። ጭራሽ አይከፈትም።»

አርክቴክቱ ለሕፃን የሚሰጠውን ፈገግታ ሰጣት። «ቆይ፣ አጭር ጥያቄ ልጠይቅሽ። አዲሱ ይሻላል ወይስ ነባሩ?»

«ለምኑ?»

«ለምኑ ብሎ ነገር ምንድን ነው? የቱ ይሻላል ነው ያልኩሽ።»

«ለሰርቨሩ አዲሱ፤ ለወርክስቴሽኖቹ ነባሩ።»

«ይኸውላችሁ!» ብሎ እጁን ዘረጋ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥንታ ዛሬም አልወሰነችም። ባለሙያ አንዱን ይቆርጣል እንጂ እንዲህ አይወላውልም።» ተሰብሳቢዎቹም በሐዘኔታ አዩዋት። ለእነዚህ ሰዎች መልስ ማለት አንድ ነው፤ ሁለት ከሆነ ጥፋት ነው። እሷ እህቷን አየች። እህቷ የምታውቀውን ታውቃለች፤ ሠላሳ አንዱን ገጽ ከርእስ እስከ ማብቂያ አንብባ፣ ሁለት የፊደል ግድፈት አርማ የመለሰችላት ራሷ ናት። አሁን ግን ማስመሪያ አውጥታ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ከአንድ ቃል ሥር ቀጥ ያለ መስመር እያሰመረች ነው። መስመሩን ስትጨርስ እንደገና አሰመረችበት። ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ፤ ሻይና ብስኩት መጣ። ኬብሉን ልቀቂው ያላት ሰው አልነበረም፤ ራሷ ለቀቀችው።

ከምሳ በኋላ መሐንዲሱ ሰርቨር ክፍሏ ድረስ መጥተው በመወልወያውና በበሩ መካከል ቆሙ። ፊታቸው ጠቁሯል። «እኔስ ግድ የለም፤ በእጄ አሰላለሁ» አሏት። «ጡረታዬም ሁለት ዓመት ነው የቀረው። የምፈራው ወጣቶቹን ነው። ፕሮግራሙ ከሌለ፣ ቀኑ ከደረሰ፣ አለቃ ከጮኸ፣ በግምት ጽፈው ያወጡታል። የግምት ዓምድ ሥር ደግሞ ሰው ይተኛል፣ ልጄ።» «የአሁኑን ማሽንዎን እንዳያስረክቡ» አለቻቸው። «መቼ ይጠይቁኝና» አሉ፤ «ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አዲሱን አገኛለሁ።» ከዚያ ትከሻዋን ዳሰስ አድርገው ሄዱ። የክፍሉ አየር ያንኑ የእርጥብ ጨርቅና የሞቀ አቧራ ሽታ ይሸታል። አሮጌው ሰርቨር እንደ ልማዱ ያቃስታል፤ የእሱ ምትክ እንኳ በሷ ምክር ሊመጣ ነው፣ ስሟ ሳይነሣ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እህቷ አስጠራቻት። አስተዳደር ክፍሉ ሁልጊዜም የተጠረገ፣ ሁልጊዜም የቀዘቀዘ ነው፤ አንድ የብረት መደርደሪያ፣ አንድ መስኮት፣ ለባለጉዳይ የተቀመጠች አንዲት እግሯ የምትወዛወዝ ወንበር። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተዘርግቷል። የቀኙ የሥራ ደብዳቤዋ ነው። «የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ በመሆን በቋሚነት እየሠሩ እንደሚገኙ» ይላል፤ ሙሉ ስሟ አለ፣ የአርክቴክቱ ፊርማ አለ፤ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። የግራው የጠዋቱ ቃለ ጉባኤ ነው። አራተኛው ነጥብ ላይ፣ «ሁሉም የቢሮው ፕሮግራሞች በአዲሱ አርክቴክቸር ላይ እንደሚሠሩ በባለሙያ ተሞክሮ ተረጋግጧል» ይላል። ሥሩ «ያረጋገጠው ባለሙያ ፊርማ» የሚል መስመር አለ፤ ከዚያም በታች የአርክቴክቱ መስመር ይከተላል። ሁለቱም ባዶ ናቸው።

«እሱን ስትፈርሚ ይሄኛውን ማኅተም አድርጌ እንድሰጥሽ ነው የነገረኝ» አለች እህቷ።

«ውሸት ነው እኮ፣ እታለም።»

«አውቃለሁ።»

ውጭ መኪና ሲያቆም ተሰማ፤ ወኪሉ ውሉን ይዞ ለመሄድ እየጠበቀ ነው። እህቷ የጠረጴዛዋን መሳቢያ ከፈተች፣ ምንም ሳታወጣ መልሳ ዘጋችው። «እኔ እዚህ ወንበር ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ፈርሜአለሁ» አለች። «ምንም አልሆንኩም።» ይህን ስትል ዓይኗ መሳቢያው ላይ ነበር። ታናሽየዋ ቀና ብላ አየቻት። ፀጉሯ ከፊት ሸብቷል፤ ከንፈሯ ብዙ ነገር ሲውጥ እንደኖረ አፍ ጭምት ብሏል። ምንም አልሆንኩም ትላለች! ያቺ ሰፈሩን ስታንበረክክ የነበረች ልጅ የት ሄዳ ነው ታዲያ? አዘነችላት፣ ተናደደችባትም። ሰዓቱ ወደ አሥር እየተጠጋ ነው። ካልፈረመች ወደ መተኮሻው ጠረጴዛ ትመለሳለች፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ኬብል ይዛ ትቆማለች። ከፈረመች ደግሞ ፕሮግራሙ አልከፈት ያለ ዕለት ጥፋቱ በፊርማዋ የሷ ይሆናል፤ ጥፋቱም ኮምፒውተር ላይ አያበቃም፣ ዓምድ ድረስ ይወርዳል። ሰውዬው ጥናቷን ወስዶ ስሟን ፋቀ፤ አሁን ስሟ የተፈለገው ለውሸቱ ዋስ እንዲሆን ነው።

እስክሪብቶውን አነሣች። በባለሙያው መስመር ላይ፣ ፊደሎቹን እርስ በርስ እያያያዘች፣ የመጨረሻዋን ፊደል እግር በሁሉም ሥር ወደ ግራ እየጎተተች፣ ባንክ ቤት የሚፈርም ሀብታም በሚፈርምበት ቅልጥፍና «አይከፈትም» ብላ ጻፈች። ቃሏ ጠምዘዝ ያለች ናት እንጂ የተደበቀች አይደለችም፤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ሊያነባት ይችላል።

በሩ በዚያው ቅጽበት ተከፈተ። አርክቴክቱ ገባ፤ ሽቶው ቀድሞት ወኪሉም ከኋላው ተከተለ። «ፈረመች?» አለ ሚስቱን። መልስ ሳይጠብቅ ወረቀቱን ወደራሱ ሳበ፤ ጎንበስ አለ፤ ባለሙያዋ የጻፈችውን ቁልቁል አየው፣ ራሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎም አየው። «አየህ?» አለ ለወኪሉ በጣቱ እያሳየ፤ «እንዲህ ያለ ፊርማ እኮ በዘልማድ አይመጣም። ሚዛን አለው። ከእኛ ጋር ስትውል ዓይኗ ተከፈተ።» ወኪሉም ሰዓቱን እያየ «በጣም ያምራል» አለ። አርክቴክቱ ከሥሩ በትልቁ ፈረመ። ከዚያ ሁለቱም ስለ ማስረከቢያው ቀን እያወሩ ወጡ፤ ድምፁ ኮሪደሩን አልፎ ደረጃው ላይ እስኪደርስ ድረስ ይሰማ ነበር።

አሁን ወረቀቱ እህቷ እጅ ገባ። እህቷ ያላነበበችውን ወረቀት በማኅተም መትታ አታውቅም። መነጽሯን አደረገች። ከራስጌው ጀምራ፣ ነጥብ በነጥብ፣ በጣቷ እየተከተለች ወረደች። አራተኛው ነጥብ ላይ ደረሰች። አለፈችው። የባለሙያው መስመር ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የሥራ ደብዳቤው ማኅተሙን እየጠበቀ እዚያው ተዘርግቷል። እህቷ አንድ ጊዜ ጠርታው መመለስ ትችላለች፤ ገና ደረጃው ላይ ነው። አንድ ቃል ይበቃታል። ዝም አለች። ቃሏን አነበበች፣ መልሳ አነበበች። የመኪናው በር ውጭ ሲዘጋ ተሰማ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ራቀ።

እህቷ ወረቀቱን አዙራ ወደሷ ገፋችው።

«ቀን አልጻፍሽበትም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቀን ከሌለው ነገ አንቺ ያልሽው መቼ እንደሆነ አይታወቅም።»

ታናሽየዋ ቀኑን ጻፈች። እህቷም ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ፣ መጀመሪያ ቃለ ጉባኤውን፣ ቀጥላ ደብዳቤውን፣ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ድረስ መታችው።